ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር፦ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የአፈር መግቢያ መንገድ አያያዝ

ከደሴ ከተማ ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ ባለው የቤተሰባችን ይዞታ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ እስከ ግቢው በር የሚደርሰው ጥርጊያ 60 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት መጨረሻ ሁለት ገልባጭ መኪና ገረጋንቲ አስመጥቼ በአካፋ አስበተንኩት፤ መንገዱ ቀላ ብሎ ልስልስ ሲል ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ነሐሴ ሲጋመስ ግማሹ ገረጋንቲ ከታች ባለው የጎረቤታችን የባቄላ ማሳ ውስጥ ተነጥፎ፣ የቀረውም በየጥጋጥጉ ተከምሮ አገኘሁት፤ መሀል መንገዱ ላይ ደግሞ ጉልበት ድረስ የሚያስገባ ቦረቦር ተከፍቷል። የባቄላውን ካሳ ከፍዬ፣ የተረፈውን ገረጋንቲ በባሬላ ካስመለስኩ በኋላ፣ መንገዱን ያበላሸው እኔ መሄጃ ያላበጀሁለት ውሃ እንደ ነበረ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ውሃው የሚሄድበት ይበጃል፤ ቀጥሎ የመንገዱ ቅርጽ ይስተካከላል፤ ገረጋንቲ የሚገዛው ከሁሉም በኋላ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በሐረጎ ቁልቁለት የሚያገናኛቸው መንገድ ግን ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ዝናብ ቆሞ ለመስረግ ጊዜ አያገኝም፤ ከጦሳ ተራራ ጎንም ይሁን ከሌላው ተረተር ተነሥቶ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርደው በሩጫ ነው። ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት፣ ክረምቱም ከሰኔ መገባደጃ እስከ መስከረም ድረስ ይጥላል፤ ከባዱ ዝናብ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ የመግቢያ መንገድ ጥገና እዚህ አገር በዓመት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም።

የውሃው መጠን በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ መንገድ 180 ካሬ ሜትር ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልበት፣ መንገዱ ላይ ብቻ የሚወርደው ውሃ 5,400 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሞላ 27 በርሜል ይሆናል። ከመንገዱ በላይ 2,000 ካሬ ሜትር የሚሆን ገላጣ ተዳፋት ካለና ከዝናቡ ግማሹ እንኳ ወደ መንገዱ የሚወርድ ከሆነ፣ 150 በርሜል ተጨማሪ ውሃ ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ ትልቁ ጠላት ከላይ የሚመጣው እንጂ መንገዱ ላይ የሚወርደው አይደለም።

በዝናብ ውስጥ የሚደረግ ጉብኝት

ማንኛውንም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት፣ ኃይለኛ ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ቦቲ ጫማ አጥልቀው፣ ጃንጥላና ዶማ ይዘው መንገዱን ከላይ እስከ ታች ይራመዱት። በበጋ መንገዱን ማየት የጎርፉን ዱካ እንጂ ጎርፉን ራሱን አያሳይም፤ ውሃው ከየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚፈጥንና የት እንደሚያንቀላፋ የሚታወቀው እየጣለ ሳለ ነው። ውሃው መንገዱን የሚያገኝበትን፣ የጎማ ዱካ ይዞ መውረድ የሚጀምርበትን፣ ደለል የሚጥልበትንና ከመንገዱ የሚወጣበትን ነጥብ ሁሉ ችካል እየተከሉ ምልክት ያድርጉ። በእኛ መንገድ ላይ ከጎርፉ አብዛኛው የሚገባው በአንዲት ስንዝር በማትሞላ ሽንቁር ነበር፤ ከላይ ያለው የማሳ ድንበር ከብት ረግጦት ተንዶ፣ ከእርከኑ ጀርባ ያለው ውሃ በሙሉ በዚያች ቀዳዳ ይፈስ ነበር። ሽንቁሩን በድንጋይና በሣር ለመድፈን የፈጀብን የግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን፣ ከሁለቱ መኪና ገረጋንቲ የበለጠ ጠቅሞናል።

በዚያው ጉብኝት ላይ የመንገዱ ቁልቁለት በመቶ ስንት እንደሆነ መለካት ይገባል፤ ከዚህ በታች ያሉት ብዙዎቹ ውሳኔዎች በዚህ ቁጥር ላይ ይመሠረታሉ። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ነጭ የላስቲክ ቱቦ ካለ ሥራው ቀላል ነው፤ ሁለት ሰዎች 10 ሜትር ተራርቀው በመቆም የቱቦውን ሁለት ጫፎች በቀጥ ያለ እንጨት ላይ ይይዙና፣ በሁለቱም ዘንድ ውሃው ከቆመበት እስከ መሬት ያለውን ቁመት ይለካሉ። የሁለቱ ልኬት ልዩነት 1 ሜትር ከሆነ ቁልቁለቱ 10 በመቶ ነው፤ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5 በመቶ ነው። ከ10 ወይም ከ12 በመቶ በላይ የሆነ ቁልቁለት ላይ ገረጋንቲ ብቻውን እንደማይቆይ ከወዲሁ ማወቅ ብዙ ወጪ ያድናል።

ከላይ የሚመጣውን ማስቀየር

ከመንገዱ በላይ ያለው ተዳፋት ሰፊ ከሆነ፣ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከመንገዱ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብሎ አግድም ይቆፈራል። የተቆፈረው አፈር በታችኛው ወገን ተከምሮ ይጠቀጠቃል፤ ቦዩ ወደ መውጫው የሚኖረው ዝቅታ ከመቶው 1 ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ካነሰ ደለል ይሞላዋል፣ በጣም ከበዛ ደግሞ ቦዩ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። የቦዩ ዳር ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር ቢተከልበት ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል፤ ደሾው ለከብት መኖ መሆኑም ሌላ ጥቅም ነው። የሚተከለው ግን ክረምቱ እንደገባ ነው፤ ዝናቡ ሊያልቅ ሲል የተተከለ ሣር ሥር ሳይሰድ በጋው ይደርስበታል።

የተቀለበሰው ውሃ መድረሻ ሊኖረው ይገባል። ወደ ጎረቤት ማሳ፣ ወደ ሰው ቤት ጓሮ ወይም ወደ መቃብር ቦታ የሚወርድ መውጫ ሠርቶ የራስን መንገድ ማድረቅ፣ ጠብን ወደ ሰው በር መላክ ነው። መውጫውን ከመቆፈር በፊት ከታች ካሉት ባለይዞታዎች ጋር ቦታው ላይ ቆሞ መነጋገር፣ ስምምነቱንም የሰፈር ሽማግሌ ባለበት ማድረግ ያስፈልጋል። የእኛው ጉዳይ ያለቀው የቅሬው (የዕድሩ) ሰዎች ባሉበት፣ መውጫው ከሁለት ማሳዎች መሀል ባለው የቆየ ድንጋያማ ፈፋ ላይ እንዲሆን በመስማማት ነው።

የመንገዱ ጀርባ

ውሃ መንገድ ላይ ርቀት በተጓዘ ቁጥር ጉልበት ያገኛል፤ ስለዚህ ከወደቀበት በአጭሩ ወደ ጎን እንዲወርድ መንገዱ ጀርባ ያስፈልገዋል። በደልዳላ ቦታና በመለስተኛ ቁልቁለት ላይ መንገዱ እንደ ዔሊ ጀርባ መሀሉ ጎበጥ ማለት አለበት፤ ለአፈርና ለገረጋንቲ መንገድ ከመሀል ወደ ዳር የሚኖረው ዝቅታ ከ4 እስከ 6 በመቶ ይሆናል። ስፋቱ 3 ሜትር ለሆነ መንገድ ይህ ማለት መሀሉ ከዳሩ ከ6 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ በሲባጎ ሳይለኩ በግምት የሚሠሩ ሰዎች ሁልጊዜ ጠፍጣፋ አድርገው የሚጨርሱትም ለዚህ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሮ፣ በመሀሉ የተፈለገውን ቁመት ምልክት አድርጎ መሥራት ይሻላል።

በተራራ ጎን የተቆረጠ ጠባብ መንገድ ሲሆን ጀርባ ማበጀት ያስቸግራል፤ እዚህ ላይ መንገዱን በሙሉ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ይቻላል። አፈሩ ጠጠራማና የማያንሸራትት ከሆነ ከ3 እስከ 5 በመቶ ወደ ገደሉ ወገን ማዘንበል ቦይም ቱቦም ሳያስፈልግ ውሃውን ይበትነዋል። አፈሩ ሲረጥብ የሚያንሸራትት ከሆነ ግን መኪናውን ወደ ገደል ስለሚስበው፣ ማዘንበሉ ወደ ተራራው ወገን ሆኖ ከግርጌው ቦይ ይሠራለታል። በዚህ ጉዳይ ላይ ለቁጠባ ብዬ ደፍሬ አላውቅም፤ ሌላውም እንዲደፍር አልመክርም።

መንገዱ ለብዙ ዓመታት ሲኬድበት፣ ጎማ እየሰረጎደው ጠርዙ ከመሀሉ ከፍ ይላል። ከዳር የሚታየው ሣር የበቀለበት ጉብታ ውሃው እንዳይወጣ የሚገድብ ግድብ ነው። ዳሩን በዶማ እየላጡ ወደ መሀል መመለስ ከማንኛውም ሌላ ሥራ ይቀድማል፤ የሣሩ ሥርና ጥቁሩ የላይ አፈር ግን ከመንገዱ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ በስብሶ ስለሚላላ ለማሳ ቢውል ይሻላል።

የጎን ቦይ

የጎን ቦይ ወለሉ ከመንገዱ ጠርዝ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ጎኖቹም ቀጥ ብለው የተቆረጡ ሳይሆን ሰፋ ብለው የተንጋለሉ ሊሆኑ ይገባል፤ ቀጥ ያለ ጎን በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ተንዶ ቦዩን ይደፍነዋል። ቁልቁለቱ ከ5 በመቶ ሲበልጥ ውሃው የቦዩን ወለል መቆፈር ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ ወለሉ በድንጋይ ይነጠፋል ወይም በየመሀሉ ትናንሽ የድንጋይ ክትሮች ይሠሩለታል። የክትሮቹን ርቀት ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ፦ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር ግርጌ ጋር እኩል መሆን አለበት። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክትር 6 በመቶ በሆነ ቁልቁለት ላይ በየ5 ሜትሩ ይቀመጣል። የክትሩ መሀል ከጎኖቹ ዝቅ ማለት አለበት፤ መሀሉ ከፍ ካለ ውሃው ዳር ዳሩን ቆፍሮ ክትሩን ብቻውን ያስቀረዋል።

ቦዩ በረዘመ ቁጥር የሚሸከመው ውሃ ይበዛል። ስለዚህ መሬቱ በፈቀደበት ቦታ ሁሉ፣ ውሃውን ከቦዩ አውጥቶ ሣር ወዳለበት ጎን የሚበትን አጭር መውጫ መሥራት ያስፈልጋል። አጠገቡ ባሕር ዛፍ ያለበት ቦይ ቅጠልና ልጣጭ ስለሚሞላው ከሌላው ቦይ በእጥፍ መጎብኘት አለበት።

በቁልቁለት ላይ የሚደረግ መቀልበሻ

ቁልቁለቱ በጠና ጊዜ ጀርባውም ቢኖር ውሃው የጎማ ዱካ ይዞ ቁልቁል መውረዱ አይቀርም፤ ስለዚህ መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ መቀልበሻ ይሠራል። ለእግረኛና ለአህያ መንገድ፣ ግማሹ የተቀበረ ግንድ ወይም ተራ በተራ የተደረደረ ድንጋይ ከመንገዱ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። መኪና ለሚገባበት መንገድ ግን እንዲህ ያለው ስለሚያንገጫግጭና የመኪናውን ሆድ ስለሚመታ፣ ሰፋ ብሎ በቀስታ የሚወጣና የሚወርድ፣ በደንብ የተጠቀጠቀ ጉብታ ከነዝቅታው ይሠራል። በሁለቱም መንገድ መቀልበሻው መንገዱን ቀጥ ብሎ ሳይሆን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አጋድሎ ነው የሚያቋርጠው፤ ቀጥ ብሎ የተሠራ መቀልበሻ ውሃውን አቁሞ ደለል ይሰበስባል እንጂ ወደ ጎን አያስወጣም።

ርቀታቸው እንደ ቁልቁለቱ ይለያያል። 5 በመቶ ቁልቁለት ላይ በየ40 ሜትሩ ገደማ፣ 10 በመቶ ላይ በየ25 ሜትሩ፣ 15 በመቶ ላይ በየ18 ሜትሩ፣ 20 በመቶ ላይ በየ14 ሜትሩ ቢሆን ጥሩ ነው። የመውጫው አፍ በድንጋይ ካልተነጠፈ ከታች ያለውን መሬት ይቆፍራል፤ የመውጫው አፍ በደለል ሲደፈን ደግሞ መቀልበሻው ከመኖሩ ባይኖር ይሻላል፤ ውሃውን ሰብስቦ በአንድ ቦታ መንገዱን እንዲበጥስ ያደርገዋልና።

ቁልቁለቱ እጅግ በጠናበት ክፍል ላይ፣ ምናልባትም ከ10 እስከ 15 ሜትር በሆነ ርቀት፣ ለሁለቱ ጎማ ብቻ የኮንክሪት ወይም የድንጋይ ንጣፍ ማድረግ በየዓመቱ ገረጋንቲ ከመግዛት ይረክሳል። እያንዳንዱ ንጣፍ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ኮንክሪት ከሆነ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል፤ ገጹም ጎማ እንዲይዝ በመጥረጊያ ይቧጠጣል፤ ለሰባት ቀናትም ውሃ እየጠጣ ይቆያል። በደሴ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ የሚጠርብና የሚክብ ሰው ሞልቶ ስለሚገኝ፣ እኔ ብሆን ድንጋዩን እመርጣለሁ፤ ሲንቀሳቀስ አንሥቶ መልሶ መትከል ይቻላል፤ የተሰነጠቀ ኮንክሪት ግን ይህን ዕድል አይሰጥም።

ቱቦ ወይስ የድንጋይ መሻገሪያ

ውሃው መንገዱን ማቋረጥ ግድ በሚሆንበት ቦታ ብዙ ሰው የሚያስበው ቱቦ መቅበርን ነው። ቱቦው ከ45 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ዲያሜትር ካለው በክረምት መሀል ይደፈናል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የተሻለ ነው፤ ሰው በረጅም እንጨት ሊያጸዳውም ይችላል። ዝቅታው ከመቶው 2 ወይም 3 ይሁን፤ ከላዩ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ አፈር ይኑረው፤ ከባድ መኪና የሚያልፍበት ከሆነ ደግሞ ይጨመርለት። ጎንና ጎኑ በእኩል ከፍታ እየተሞላ ካልተጠቀጠቀ ቱቦው ይንሸራተታል ወይም ይሰነጠቃል። ክዳኑና ቂጡ የተቆረጠ የነዳጅ በርሜል እርስ በርሱ በይዶ እንደ ቱቦ መቅበር በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ ስፋቱ ጥሩ ቢሆንም ዝገት ከበላው በኋላ መንገዱ በድንገት ስለሚደረመስ፣ መኪና ለሚገባበት ቦታ አይበጅም።

ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ በሚመጣበት ፈፋ ላይ ግን ቱቦ አልመክርም። አንድ ትልቅ ድንጋይና ሦስት ፌስታል አፉን ከያዙት ውሃው በመንገዱ ላይ ያልፍና ሙሌቱን በሙሉ ይዞት ይሄዳል። እንደዚህ ባለ ቦታ መንገዱን ዝቅ አድርጎ፣ ወለሉን በትልልቅ ድንጋይ አንጥፎ፣ የታችኛውን ጠርዝ በጥልቅ በተቀበረ ካብ ወይም በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ቅርጫት) አስሮ ውሃው በላዩ እንዲያልፍ ማድረግ ይሻላል። ጎርፍ ሲኖር ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ከመሻገር መታገድ ይኖራል፤ ማግሥቱን ግን ደለሉን በአካፋ ገፍቶ መሄድ ነው።

የተቆረጠ ተዳፋት አደጋ

ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያውቃት ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ገጠርም ከዚህ አያመልጥም። መንገድ ለማስፋት ሲባል የተራራውን ግርጌ በዶማም ሆነ በሎደር መቁረጥ፣ ከላይ ያለውን አፈር የሚደግፈውን እግር መቁረጥ ነው። መስፋት ግድ ከሆነ በታችኛው ወገን ካብ ክቦ መሙላት ይመረጣል፤ ላይኛው ወገን መቆረጥ ካለበትም በበጋ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ወዲያውኑ በካብ እየተደገፈ መሆን አለበት። ካቡ በጭቃ ሳይሆን በደረቁ ቢካብ ወይም በሲሚንቶ ከተሠራ በየሜትሩ የውሃ መተንፈሻ ቀዳዳ ቢተውለት ይበጃል፤ ካብ የሚገፋው ከጀርባው የሚጠራቀመው ውሃ ነው።

ከመንገዱ በላይ ባለው መሬት ላይ እንደ ማጭድ የጎበጠ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፎች ወይም የአጥር እንጨቶች ወደ አንድ ወገን ከዘመሙ፣ ከዚህ በፊት ምንጭ ባልነበረበት ቦታ ውሃ ከፈለቀ፣ ይህ የመንገድ ጥገና ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ስንጥቁን ውሃ እንዳይገባበት በአፈር ደፍኖ፣ ማንኛውንም ቦይ ከዚያ አካባቢ አርቆ፣ ለቀበሌው ማሳወቅና ከታች ያሉ ቤቶችን ማስጠንቀቅ ይገባል።

የኮምቦልቻ ዙሪያ ጥቁር አፈር

ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ሲወረድ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቁልቁለቱ ይቀንስና ዋልካው ይመጣል። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ በላዩ በቀጥታ የተደፋ ገረጋንቲ በጎማ እየተረገጠ ወደ ጭቃው ይሰምጥና በሁለተኛው ዓመት የት እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዋልካው ተነሥቶ፣ በምትኩ ሻካራ ድንጋይ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይደረደራል፤ ክፍተቱ በትንንሽ ድንጋይ ይሞላል፤ ገረጋንቲው የሚመጣው ከዚያ በላይ ነው። መንገዱ ከዙሪያው መሬት ከፍ ብሎ መሠራት አለበት፤ በሜዳ ላይ የተቆፈረ መንገድ ኩሬ ነው። ሥራው በሙሉ መከናወን ያለበት በበጋ ነው፤ እርጥብ ዋልካ ላይ አካፋ ማንሣት ራሱ መከራ ነው፤ ጫማ ላይ የሚጣበቀው ጭቃ ሰው ያደክማል እንጂ ሥራ አያስጨርስም።

ገረጋንቲውን መምረጥና መጠኑን ማስላት

ለላይኛው ንጣፍ የሚሆን ገረጋንቲ ጠጠር፣ አሸዋና ጥቂት የሚያጣብቅ ደቃቅ አፈር የተቀላቀሉበት ነው፤ ደቃቁ ከመቶው ከ8 እስከ 15 ቢሆን ይመረጣል። ደቃቁ ካነሰ ጠጠሩ በጎማ ሥር ይንከባለላል፤ ከበዛ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ይሆናል። የጠጠሩ መጠን ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከወንዝ የተሰበሰበ ክብ ጠጠር እርስ በርሱ ስለማይነካከስ ማዕዘን ያለው ይሻላል። ከመግዛት በፊት ከክምሩ እፍኝ ዘግኖ፣ ትንሽ ውሃ አርከፍክፎ በመዳፍ መጭመቅ ብዙ ይናገራል፦ እጅ ሲከፈት ቅርጹን ይዞ ከቆየና በጣት ሲነካ ከፈረሰ ደህና ነው፤ ጭራሽ ካልተያያዘ ማጣበቂያ ይጎድለዋል፤ እንደ ሊጥ እየተለጠጠ ጣት ላይ ከተጣበቀ ሸክላው በዝቷል።

መጠኑን በተመለከተ፣ 60 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ውፍረት 18 ሜትር ኩብ ይሆናል። ልቅ ሆኖ የሚጫን ገረጋንቲ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ሩቡን ያህል ጨምሮ 22 ወይም 23 ሜትር ኩብ ማዘዝ ያስፈልጋል። የመኪናውን ጭነት በሜትር ኩብ ጠይቆ፣ የሳጥኑንም ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሜትር ለክቶ ማረጋገጥ ነውር የለውም። ሾፌሩን ደግሞ በአንድ ቦታ እንዳይከምር፣ በዝግታ እየነዳ እያፈሰሰ እንዲሄድ አስቀድሞ መንገር የሁለት ቀን የአካፋ ሥራ ያስቀራል። የድሮው ገጽ በዶማ ተጭሮ ሳይሻክር አዲሱ ከተደፋበት ሁለቱ አይያያዙም። ሮለር ካልተገኘ ገረጋንቲው በጥቂቱ ረጥቦ፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ተነጥፎ፣ በእጅ መጠቅጠቂያ ይመታል፤ ቀጥሎም መኪናው ሁልጊዜ በአንድ ዱካ ሳይሆን ቦታ እየቀያየረ ይመላለስበታል።

ጉድጓድ አደፋፈን

ጉድጓድ ውስጥ አፈር ወርውሮ በእግር መርገጥ ሁላችንም የምናደርገው፣ የማይሠራ ዘዴ ነው። የጉድጓዱ ግድግዳ እንደ ሳህን ተንጋሎ ስለሚቆይ የተጨመረው አፈር አይጨበጥም፤ በመጀመሪያው ዝናብ ውሃው ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል። ውሃውና ጭቃው ከወጣ በኋላ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ እስከ ጉድጓዱ ጥልቀት ይቆረጣል፤ ቅርጹ አራት ማዕዘን ቢሆን ለመጠቅጠቅ ይመቻል። የሚሞላበት ገረጋንቲ በዙሪያው ካለው ጋር የሚመሳሰል መሆን አለበት፤ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ረጠብ እየተደረገ ይጠቀጠቃል፤ መጨረሻው ከመንገዱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ጉድጓዱ በተመሳሳይ ቦታ ከተመለሰ፣ እዚያ ቦታ ላይ የመንገዱ ጀርባ ጠፍቷል ወይም ከሥሩ ምንጭ አለ።

በበጋ የሚታየው እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ገጽ ደግሞ የፍጥነትና የድርቀት ውጤት ነው። ጉብታውን ልጦ ሸለቆውን መሙላት ዋጋ የለውም፤ እስከ ሽብሽቡ ጥልቀት በሙሉ ተጭሮ፣ ረጥቦ፣ እንደገና መጠቅጠቅ አለበት።

የሥራው ጊዜ

ቅርጽ የማስተካከሉ ዋና ሥራ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይሁን። በዚያን ጊዜ ዝናቡ አብቅቷል፤ አፈሩ ግን ገና እርጥበት ስላለው ይጠቀጠቃል፤ እስከ ታኅሣሥ ከተጠበቀ አፈሩ ዱቄት ይሆንና ውሃ በጀሪካን መሸከም ይመጣል። አዝመራው በሚሰበሰብበት ሰሞን የሰው ጉልበት ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ መንገዱን የሚጋሩ ቤተሰቦች ከሆኑ ቀኑን አስቀድሞ ቆርጦ በደቦ መጨረስ ይቻላል፤ በእኛ በኩል አምስት አባወራ በሁለት ጠዋት ከግማሽ በላይ ሠርተናል። ጥር መጨረሻ ላይ ለበልግ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ለክረምት ቦዩና ቱቦው ይጠረጋል፤ በክረምቱ ውስጥ ደግሞ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ መውጫዎቹን መጎብኘት ይገባል። አካፋውና ዶማው ከቤት ጓዳ ሳይሆን ከግቢው በር አጠገብ ቢቀመጡ ይህ ጉብኝት ሳይዘለል ይደረጋል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ መንገዱ ረጥቦ ሳለ የሚገባ ከባድ መኪና ነው። ብሎኬት ወይም ማዳበሪያ የጫነ አንድ አይሱዙ በሐምሌ ጠዋት ገብቶ ቢወጣ፣ የጥቅምቱን ሥራ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለት ረጃጅም ቦይ አድርጎት ይሄዳል። እኛ ከዋናው መንገድ መገንጠያው ላይ ሁለት ቋሚ ተክለን በክረምት ገመድ እናስርበታለን፤ ዕቃው እዚያው ይራገፍና በአህያ ወይም በእጅ ጋሪ ይገባል። ሾፌሮቹ ማጉረምረማቸው አልቀረም፤ ገመዱ ግን እስከ መስቀል ድረስ አይፈታም።